ለመጀመሪያው ጥያቄ የሰጠሁት መልስ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ ይርገዱ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከበሩ አጠገብ፣ ማራገቢያው በማይደርስበት ወንበር ላይ ተቀምጬ ስገባና ስወጣ ያያችሁኝ ሴት ነኝ። ሰው ፊት መናገር አልወድም። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብወጣ ለራሴ ይከብደኛል። ነገሩ የሌላ ሰውም ስለሆነ አስቀድሜ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። «ተናገሪው» ተብያለሁና ጥቂት ታገሡኝ።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴም ባሌም የምድር ባቡር ሰዎች ነበሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ያገባሁት። ብዙ ዓመት ልጅ ሳላገኝ ቆይቼ በአርባ ዓመቴ አንዲት ሴት ልጅ ወለድሁ። ዓመት ሳይሞላት ባሌ ታሞ ሞተ። የባቡሩ ሥራም በዚያን ጊዜ እየሞተ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣበት ዓመት፣ ልጄ ዓመት ከሰባት ወር ሲሆናት፣ ለታናሽ እህቴ ለሙሉ ትቻት ወደ ጅቡቲ መጣሁ። ሙሉ አልወለደችም። ልጄን እንደምትወዳት አውቅ ነበር። ሌላ ነገር አላሰብሁም።

እዚህ ባቡር ጣቢያ የተቀበለችኝ ደላላ በመንገድ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «ማዳም ልጅ ያላት ሴት አትቀበልም። ልቧ አገር ቤት ነው ትላለች። ስትጠይቅሽ የለኝም በያት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠይቅሽም።»

ቤቱ ራስ ዲካ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ነበር፤ ከበረንዳው ላይ መርከቦቹ ይታያሉ። ማዳም ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ልጅ አለሽ?» ስትል ጠየቀችኝ። «የለኝም» አልሁ። ደላላዋ እውነቷን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠየቀኝም።

የሰው ቤት የሠራችሁ እህቶች ይህን ታውቁታላችሁ። ፈረንጆቹ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተው ይሄዳሉ። ሲሄዱ ቤቱን፣ ማቀዝቀዣውንና ሠራተኛዋን ለሚመጡት ያስረክባሉ። ከሠራተኛዋ ጋር ደብዳቤ አለ። የመጀመሪያዋ ማዳም በደብዳቤዬ ላይ ታማኝ ናት፣ ንጹሕ ናት፣ ሕፃናት ይወዷታል ብላ ከጻፈች በኋላ «ሳን ዛንፋን» አለች፤ ልጅ የሌላት ማለት ነው። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ቀዳች፤ ሦስተኛዋ ከሁለተኛዋ። ስድስት ቤተሰብ አለፈ። አንድ ጊዜ በአፌ ያልሁት ውሸት በስድስት ሴቶች እጅ ተጽፎና ተፈርሞ ተቀመጠ። እኔም የሌሎች ሰዎችን ልጆች አዝዬ አሳደግሁ። አውሮፕላን ጣቢያ ላይ አንገቴን ይዘው አልለቅም ያሉ ልጆች ነበሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፈቃድ አግኝቼ ድሬዳዋ ሄድሁ። ልጄ በር ላይ ቆማ ነበር። ስጠራት ፊቷን አዙራ በእህቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። ሙሉ ጭንቅላቷን እየዳሰሰች «አይዞሽ፣ አክስትሽ ናት» አለቻት። በዚያች ደቂቃ «አይደለሁም፤ እናትሽ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አፈርሁ። ከሕፃን ልጅ አፈርሁ። «አዎ፣ አክስትሽ ነኝ» ብዬ ያመጣሁላትን ጫማ ሰጠኋት። ትምህርት ቤት ስትገባም ሙሉ በራሷ ልጅነት አስመዘገበቻት። እኔም ዝም አልሁ።

ስመለስ ድንበሩ ዳር ደወሌ ላይ ባቡሩ ሲቆም ዳቦ ገዛሁ። ቆርሼ አኘክሁ፤ አልወርድ አለኝ። እዚህ፣ ጉሮሮዬ ላይ፣ እንደ ጡጫ ያለ ነገር ቆመ። ውኃ ጠጣሁ፤ ውኃው ወረደ፣ ጡጫው ግን አልወረደም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ደረቅ ነገር አልዋጥሁም። ዳቦ በሻይ ነክሬ፣ ሩዝ እንደ ሙቅ አቅጥኜ፣ ሾርባ ጠጥቼ ኖርሁ። ሠርግ ላይ ስጠራ በልቼ መጣሁ እላለሁ። ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብተው አዩ። ሐኪሙ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ነበር፤ «ማዳም፣ ጉሮሮሽ ከእኔ ጉሮሮ ይሻላል። ምንም የለም» አለኝ። ሌላም ሐኪም ያንኑ ቃል ደገመልኝ። ያ ምንም የለም የተባለው ነገር ነው ያን ያህል ዓመት እህል የከለከለኝ።

ወደዚህ ጉባኤ ያመጣችኝ ጽጌ ናት። ጽጌን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ሀያብለ ሰፈር ነው የምትኖረው። ሁለታችንም ዓርብ ዓርብ ነበር የምናርፈው። አንድ ዓርብ «ቤት ተቀምጠሽ ግድግዳ ከምታዪ ነይ ተቀመጪ፤ ግድግዳ እዚያም አለ» አለችኝ። መጣሁ። ቃሉን ወደድሁት። ጌታን የምትቀበሉ ወደፊት ውጡ በተባለ ቁጥር ግን ወንበሬን ጨብጬ እቀመጥ ነበር። ወደፊት ብወጣ እግዚአብሔር መጀመሪያ የሚጠይቀኝን ጥያቄ አውቀው ነበርና።

እንዲህ እንዳለሁ ሙሉ ስልክ ደወለች። ልጄ፣ ፍሬሕይወት፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ወደ መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት አላገኘችም፤ እንግሊዝኛዋ ወደቀባት። «አንቺ ዘንድ ትምጣ እስኪ፤ እዚህ ተስፋ ቆርጣ ተኝታለች» አለች ሙሉ። ያን ጊዜ የነበረችውን ማዳም እያደርሁ መሥራቴን ትቼ እየተመላለስሁ ልሥራ ብዬ ለመንኋት፤ የእህቴ ልጅ ትመጣለች አልኋት። ባልባላ፣ ዋራበሌ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ከተማ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በፊት ሁለት ዓመት ያስተምራሉ፤ ፈተናውን ያለፈ ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ይችላል። ተማሪው ትምህርቶቹን ራሱ ይመርጣል። ፍሬ ሳይኮሎጂ መረጠች። ለምን ስላት «ሒሳብ የለበትም» አለችኝ። ገብታ ስታየው ስታትስቲክስ ነበረበት።

ከእናንተ መካከል አንድ ወንድም ይህን ሰምቶ «እት ይርገዱ፣ ሳይኮሎጂ እምነት ያጠፋል፤ ሌላ ብትማር አይሻልም?» ብሎኝ ነበር። በቅንነት ነው ያለው፤ አልተቀየምሁትም። እኔም ፈርቼ ነበር። ስለዚህ መጽሐፉን ራሴ ማንበብ ጀመርሁ። መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ያችው የድሮዋ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ ከተቀበረችበት እየወጣች፣ ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን እናጠና ነበር። ደወል ሲሰማ ምራቁ ስለሚመጣ ውሻ የሚናገር ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ፍሬ ሳቀች። «አክስቴ፣ ይሄ ውሻ አንቺን ይመስላል። ጎረቤት ስልክ ሲጮህ እንኳ ማዳም የጠራችሽ መስሎሽ ትነሻለሽ» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ እቆጣ ነበር። እውነቷን ነበር፤ ሳቅሁ። እነዚያ ወራት ደስ የሚሉ ነበሩ። ጌታ ይመስገን፤ ልጄን በደንብ ያወቅኋት ያኔ ነው።

ቀጥሎ ስለ ሕፃንና ስለ አሳዳጊው የሚያስተምር ምዕራፍ መጣ። ጮክ ብላ የምታነበው ፍሬ ናት፤ የምተረጉመው እኔ ነኝ። ከእናቱ የተለየ ሕፃን በመጀመሪያ ይጮኻል ይላል። ከዚያ ይደክመዋል፤ ዝም ይላል። ዝም ሲል ሰዎች የለመደ ይመስላቸዋል። በመጨረሻ እናቱ ተመልሳ ብትመጣም ፊቱን ያዞርባታል። ፍሬ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ «አክስቴ፣ ይሄኛው ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ቃሉ አስቸጋሪ አልነበረም። «ይህን አላውቀውም» ብዬ ሾርባውን ላማስል ተነሣሁ።

መምህራቸው ኬንያዊ ነው። ከዚያ ምዕራፍ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ ልጅ ያሳደገ ሰው ጠይቆ እንዲጽፍ አዘዘ፤ ያለዚያ ወረቀት ወደ ፈተናው አያቀርቡም። ፍሬ ማንን እንደምትጠይቅ አልተጨነቀችም። «አንቺ አለሽልኝ አይደል? የስንት ፈረንጅ ልጅ አሳድገሻል!» አለችኝ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ጥያቄዎቹ አሥራ ሁለት ነበሩ። እንደ ጋዜጠኛ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ በአንቱታ ጀመረች።

«የመጀመሪያ ጥያቄ። የራስዎ ልጅ አለዎት?»

ወገኖቼ፣ ራስ ዲካ በር ላይ የጠየቀችኝ ማዳም ናት፤ አሁን የጠየቀችኝ ልጄ ራሷ ናት። «የለኝም» አልሁ። ጻፈችው። ራሴን አሞኛል፣ የቀረውን ሌላ ቀን አልኋት።

በማግስቱ ዓርብ እዚህ መጣሁ። ወንጌላዊው ያስተማረው ስለ ጴጥሮስ ነበር፤ እሳት ዳር ቆሞ ሦስት ጊዜ ስለ መካዱ። እኔ በጣቴ ቆጠርሁ። ማዳም ፊት አንድ። ድሬዳዋ በር ላይ ሁለት። ትናንት ሦስት። ወንጌላዊው ግን እዚያ አላቆመም። ከትንሣኤው በኋላ ጌታ ለጴጥሮስ የከሰል እሳት አድርጎ፣ ዓሣና እንጀራ አቅርቦ ጠበቀው አለ። አብልቶ ነው የጠየቀው አለ። ይህን ስሰማ እጄ ከወንበሩ ላይ ተላቀቀ። ማንም ሳይጎትተኝ ወደፊት ሄድሁ።

የሚጸልይልን ወንድም «ስለ ምን እንጸልይልሽ፣ እናቴ?» አለኝ።

«ልጅ አለኝ» አልሁት።

«ታሞብሽ ነው?»

«አልታመመችም። ክጃታለሁ።»

ያ ወንድም ብዙ አልጠየቀኝም፤ ጌታ ይባርከው። በዚያች ቦታ ተንበርክኬ ጌታ ኢየሱስን ተቀበልሁ። ሰማይ ሲከፈት አላየሁም፤ አልተንቀጠቀጥሁም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ጥያቄ በፊቱ ተመለሰ፤ እርሱም አልጣለኝም። ስሙ ይባረክ።

ወደ ዋራበሌ ስመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ፍሬ በራችን ላይ፣ ጥላ ያለበት በኩል ተቀምጣ ወረቀቱን በንጹሕ ትገለብጥ ነበር። አልተቀመጥሁም።

«የመጀመሪያውን መልስ ሰርዢው» አልኋት።

«ለምን?»

«ውሸት ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። «ስንት ልጅ አለሽ ታዲያ?»

«አንዲት።»

«የት ናት?»

«ወረቀቱን እየጻፈች ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠችው። ከዚያ «እማዬስ?» አለችኝ፤ ሙሉን ማለቷ ነው። «ሙሉ እህቴ ናት፤ አሳድጋሻለች። የወለድሁሽ እኔ ነኝ» አልሁ። ተነሣች። ልብሷን በፌስታል አድርጋ፣ ደብተሯን ይዛ ወጣች። በኋላ ጽጌ ደውላ «እኔ ዘንድ ናት፤ አታስቢ» አለችኝ።

ብቻዬን ቀረሁ። ራበኝ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስሁም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ፍሬ የተወችው የዳቦ ጫፍ አለ፤ ጠንካራው፣ ቅርፊቱ። ሳላስበው ቆርሼ አኘክሁት። ሻይ አልነበረም። ወረደ። ቆሜ ጠበቅሁ፤ የጡጫውን ቦታ ጠበቅሁ። የለም። ሌላ ቆረስሁ፤ እርሱም ወረደ። አላለቀስሁም። ቅርፊቱን ጨርሼ፣ ሱቅ ሄጄ ሌላ ዳቦ ገዝቼ፣ እርሱንም በላሁት። ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን! ሁለት ሐኪሞች ያላገኙትን እርሱ አወቀው፤ ለጴጥሮስ እንጀራ ያቀረበ ጌታ ለእኔም አቀረበልኝ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልጄ በሰው ቤት እያዘነች እኔ ደኅና መሆኔ አሳፈረኝ። «ጌታ ሆይ፣ ጉሮሮዬን መልሰህ ዝጋውና እሷን አጽናናት» ብዬ እስከ መጸለይ ደርሻለሁ። እንዲህ ያለውን ጸሎት አልሰማም፤ ይመስገን።

ሦስት ሳምንት ሆነ። ኮሌጅ እንደምትሄድ ጽጌ ትነግረኝ ነበር፤ ወረቀቱን ግን አልሰጠችም። የመጨረሻው ቀን እየቀረበ ነበር። ያን ወረቀት ካልሰጠች ፈተና የለም፤ ፈተና ከሌለ እንደገና ድሬዳዋ ገብታ መተኛት ነው። አንዴ በእኔ የተነሣ እናቷን አጥታለች፤ አሁን ደግሞ በእኔ የተነሣ ትምህርቷን ልታጣ ነው አልሁ። ሄጄ ላያት ፈለግሁ። ጽጌ ከለከለችኝ። «ይርጌ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቃሻለች፤ አንቺ ሦስት ሳምንት መጠበቅ አቃተሽ?» አለችኝ። ጽጌ ስትናገር እንዲህ ናት።

በዚያ መካከል ፍሬ ወደ ሙሉ ደውላ ነበር። ሙሉ ምን እንዳለቻት በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ከሄድሁ በኋላ ሕፃኗ ስምንት ቀን አለቀሰች አሉ፤ በዘጠነኛው ዝም አለች። ስመለስ ሙሉ «አክስትሽ ናት» ያለችው ይዣት እንዳልሄድ ፈርታ ነው። «እኔ ነኝ የጀመርሁት፤ እሷ እኔን ላለማስቀየም ዝም አለች» ብላ በስልክ አልቅሳለች። እህቴ የእኔንም ጥፋት ተሸከመችልኝ። እኔ ግን የእኔን የእኔ ነው እላለሁ።

በአራተኛው ዓርብ ፍሬ እዚህ መጣች። ከበሩ አጠገብ፣ በዚያ በእኔ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጉባኤው ሲያልቅ ወደ እኔ መጥታ፣ ሰላም ሳትለኝ፣ «ጥያቄው አላለቀም። አሥራ አንድ ይቀራል» አለች።

አብረን ወደ ቤት ሄድን። ጠየቀች፤ መለስሁ። ሕፃን ሲያለቅስ ምን ያደርጋሉ፣ መቼ ይቆጣሉ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። እጇ ፈጣን ሆኗል፤ እኔ በአማርኛ ስናገር እሷ ወዲያው በእንግሊዝኛ ትጽፈው ነበር። ወደ መጨረሻው ደረሰች፤ ቀና ሳትል አነበበችው። «አሥራ ሁለተኛ። ከሕፃኑ ሲለዩ ምን ተሰማዎት?»

ስሜቴን መናገር አላውቅበትም። የሆነውን ነገርኋት። «ገና ትጠቢ ነበር» አልሁ። «ባቡሩ ውስጥ ወተቱ ልብሴን አራሰው። ማዳም በር ላይ ከመቆሜ በፊት ጡቴን በነጠላ ጠፍሬ አሰርሁት፤ እንዳይታወቅብኝ። የለኝም ስል ወተቱ እየፈሰሰ ነበር።»

መጻፍ አቆመች። ደብተሩን ዘጋችው። «ይሄን አልጽፈውም» አለች። «ይሄ የእኔ ነው።»

ከዚያም ራሷን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ቅዱሳን፣ ወረቀቱን በመጨረሻው ቀን ሰጠች። ሁለት እናቶችን ጠይቄያለሁ ብላ፣ ስማችንን ሳትጠራ፣ ስለ እኔም ስለ ሙሉም ጽፋለች። በእንግሊዝኛ የወደቀችው ልጅ ከክፍሏ ከፍተኛውን ነጥብ አገኘች። ፈተናውንም አለፈች። ሃሌሉያ። አሁን አገር ቤት አንድ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል፤ የምታጠናው ያንኑ ሳይኮሎጂ ነው፤ ከነስታትስቲክሱ። እሑድ በአውቶቡስ ትሄዳለች። ሙሉን እማዬ ትላለች፤ እኔም እንዲሁ እንዲሆን ፈልጌአለሁ። እኔንስ ምን ትለኛለች ብላችሁ እንደሆነ፣ አንዳንዴ አክስቴ ይላል አፏ። ከዚያ ትስቃለች፤ «ውሻውና ደወሉ ነው» ትላለች። ሌላውን ስም ሰው በሌለበት ነው የምትጠራኝ። ይበቃኛል፤ ተርፎኛል።

እምነት ያጠፋል ላለኝ ወንድሜም መልሴ ይህ ነው፦ ያዳነኝ ጌታ ነው፤ መጽሐፉ አይደለም። ግን ጌታ በአህያ አፍ የተናገረ አምላክ ነው። በሳይኮሎጂ መጽሐፍ በኩል ቢያንኳኳብኝ ምን ይገርማል?

በዚህ ወር እኔም ሥራ አቆምሁ፤ ዕድሜዬ ስልሳ አንድ ነው። ማዳም እንደ ልማዱ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። አነበብሁት፤ «ሳን ዛንፋን» እንደገና አለበት። መልሼ ሰጠኋትና ይህ ስሕተት ነው አልኋት። «ልጅ አለሽ? ዕድሜው ስንት ነው?» አለች። ስነግራት ቁጭ አለች፤ ከዚያ ተነሥታ አዲስ ወረቀት አመጣች። «የአንዲት ሴት ልጅ እናት» ብላ ጻፈችና ፈረመችበት። ከእንግዲህ የማሳየው ቀጣሪ የለኝም፤ ቢሆንም መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ዛሬ ወንበሩን ጨብጣችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ እጃችሁን ልቀቁ። የምትፈሩትን ጥያቄ እርሱ ቀድሞ ያውቀዋል፤ መልሱንም ያውቃል። ሊያሳፍራችሁ አይጠይቅም። አብልቶ ነው የሚጠይቀው። እኔ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ እናንተ አትቆዩ።

እንግዲህ አንድ ጊዜ ማዳም በር ላይ ቆሜ፣ አንድ ጊዜ እህቴ በር ላይ፣ አንድ ጊዜ በገዛ ቤቴ የካድሁትን ዛሬ በእግዚአብሔርና በእናንተ ፊት እናገራለሁ። ልጅ አለኝ። ፍሬሕይወት ትባላለች። ሦስተኛው መደዳ ላይ፣ ከጽጌ አጠገብ ተቀምጣለች።